የቻርጀሩ አፍና የቻርጀሩ ኃይል

ባለፈው ሰሞን ለሥራ ጉዳይ ወደ ቀሚሴ ወርደን ነበር። ቀሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በ325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የምትገኝ፣ የጨፋን ሜዳ በአጠገብዋ ዘርግታ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ስትሆን፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ ናት። ሳምንቱ የመሥሪያ ቤቶች የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚጠቃለልበት ስለ ነበረ፣ በአስፋልቱ ዳር ያሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች በሰው ተጨናንቀው ነበር። እኛም ከነዚህ ቤቶች በአንዱ ተራ ስንጠብቅ ያየነውና የሰማነው ነገር ለዛሬው የእሑድ ገጻችን መነሻ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዞኑ ወረዳዎች ከአንዱ የመጣ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ላፕቶፑን ታቅፎ ገባ። ኮምፒዩተሩ ለመሥሪያ ቤቱ ከተሰጠ ገና ዓመት ያልሞላው አዲስ ዕቃ ነው፤ የቻርጀሩ ገመድ ግን ከአንገቱ ላይ ተሰብሮ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ወጣቱ ብልኅ ስለ ሆነ ባዶ እጁን አልመጣም። ከወረዳው ዕቃ ግምጃ ቤት የአንድ የተወገደ አሮጌ ላፕቶፕ ቻርጀር አስወጥቶ ይዞ መጥቷል። ፋብሪካው አንድ፣ ስሙ አንድ፣ በጀርባው የተጻፈውም ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ፣ የአሮጌው ቻርጀር አፍ ወፍራም፣ የአዲሱ ኮምፒዩተር ቀዳዳ ደግሞ ቀጭን ሆነበት። ሪፖርቱ በማግሥቱ ጠዋት ዞን መድረስ አለበት፤ በባትሪው ውስጥ የቀረው ኃይል ከመቶ አራት እጅ ብቻ ነው።

በቤቱ ጥግ የጥገና ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሠሩ አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ነበሩ። የወጣቱን ፊት አይተው «አብሽር ልጄ» አሉና፣ ከአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል መጋጠሚያ አወጡ። በአንድ ወገን የአሮጌውን አፍ ዋጠች፤ በሌላው ወገን ከአዲሱ ቀዳዳ ገባች። ትንሽዋ መብራትም በራች። ወጣቱ እፎይ ብሎ መቀመጫ ስቦ ሊጽፍ ሲል፣ በመስኮቱ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ የቻርጀሩ ዓይነት ሊታወቅ አልቻለም የሚል ነበር። ጥቂት ቆይተን ብናይ ባትሪው ከነበረበት ከአራት እጅ ፈቅ አላለም።

«ጋሼ፣ ገጥሞ የለም እንዴ?» አለ ወጣቱ።

«አፉማ ገጥሟል፤ ያልገጠመው ንግግሩ ነው» አሉት።

በሁለት ቋንቋ በሚነጋገር ከተማ ይህ አነጋገር ሁሉንም አሳቀ። እኛ ግን ነገሩ ከሣቅ የሚያልፍ ቁም ነገር ሆኖ ስላገኘነው፣ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች ሰፋ አድርገን ልናወራው ፈለግን።

መጋጠሚያዋ ምን እንደ ሆነች አስቀድመን እንናገር። የገበያ ሰው አንዳንዱ አዳፕተር፣ አንዳንዱ ኮንቨርተር ይላታል። አዳፕተር የሚለው ቃል ቻርጀሩን ራሱን ስለሚጠራበት ለስሕተት በር ይከፍታል፤ ኮንቨርተር የሚለውም የኤሌክትሪኩን ኃይል የምትለውጥ ያስመስላታል። ተራዋ መጋጠሚያ ግን አንዳች ኃይል አትለውጥም። ከአንዱ አፍ የተቀበለችውን በሌላው አፍ ማስረከብ ብቻ ነው ሥራዋ። የምታስረክበው ለኮምፒዩተሩ የሚስማማ ይሁን ወይም የሚገድለው፣ እርስዋ አታውቅም።

ቻርጀር ሁለት ጫፍ እንዳለው መቼም ሁሉም ያውቃል። አንደኛው ጫፍ ወደ ግድግዳው ሶኬት ይሄዳል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈውን ብናነብ፣ በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ ከ50 እስከ 60 ኸርዝ የሚል እናገኛለን። ይህ ማለት ዕቃው ባለ120 ቮልቱን የአሜሪካን ኤሌክትሪክም፣ የእኛንም ያለ ችግር ይቀበላል ማለት ነው። ስለዚህ በዋሽንግተን የሚኖር ወንድም ላፕቶፕ ሲልክልን ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ያለው ስፒና ቢሆንብን፣ የስፒናውን ቅርጽ የምትለውጥ ርካሽ መጋጠሚያ ገዝተን ብንሰካው ይበቃል። በዚህ ጫፍ አፍ ከገጠመ ሁሉም ገጠመ። (የፀጉር ማድረቂያ ወይም ሌላ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ ዕቃ ግን በዚያው መጋጠሚያ ቢሰካ ጢሱን ያሳያችኋል፤ ይህን ያየ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም።)

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ይህን የግድግዳውን ጫፍ ልማድ ወደ ኮምፒዩተሩ ጫፍ ይዘነው ስለምንሄድ ነው። በኮምፒዩተሩ ወገን ያለው ነገር ሌላ ነው። እዚያ «አውትፑት» ከሚለው ቃል አጠገብ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ አንዱ ቮልት፣ ሁለተኛው አምፔር ነው። በጨፋ ሜዳ ከቦርከና ወንዝ ውሃ ጠልፎ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ከመሐንዲስ ባላነሰ ሁኔታ ይረዳዋል። ቮልት ውሃውን ቁልቁል የሚገፋው ኃይል ነው ብንል፣ አምፔር በቦዩ ውስጥ የሚያልፈው የውሃው ብዛት ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ቦዩን ይንደዋል፤ ስለዚህ ቮልቱ ኮምፒዩተሩ ከሚጠይቀው ጋር መስማማት አለበት። ብዛቱ ግን ከምንጩ ቢተርፍ ጉዳት የለውም፤ እርሻው የሚጠጣው የሚፈልገውን ያህል ነውና። ስለዚህ የቻርጀሩ አምፔር ኮምፒዩተሩ ከሚጠይቀው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ አነሰ እንጂ በዛ ተብሎ የተጎዳ ኮምፒዩተር የለም።

ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ ዋት የሚባለውን ይሰጡናል። 19.5 ቮልት በ3.34 አምፔር ሲባዛ 65 ዋት ገደማ ነው። 19.5 በ4.62 ሲባዛ 90 ዋት ይሆናል። 20 ቮልት በ2.25 አምፔር ደግሞ 45 ዋት ነው። 65 ዋት የሚጠይቅ ላፕቶፕ ባለ90 ዋቱን አሮጌ ቻርጀር በደስታ ይጠቀምበታል። ባለ45 ዋቱን ብንሰካለት ግን ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ እየተጎተተ ይሠራል፣ ወይም ቻርጀሩ እንደ ምጣድ እየጋለ ዕድሜው ያጥራል። የሥነ ሕንፃና የምሕንድስና ተማሪዎች የሚይዙዋቸው ከባድ ኮምፒዩተሮች 130 ዋትና ከዚያም በላይ የሚጠይቁ ስላሉ፣ የጓደኛን ትንሽ ቻርጀር ተውሶ ሌሊቱን ሙሉ ሥዕል ለማውጣት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

በቮልት በኩል ያለውን ልዩነትም እናስተውል። ዛሬ በአብዛኛው የምናያቸው ላፕቶፖች በ18.5፣ በ19፣ በ19.5 ወይም በ20 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ተቀራራቢዎች ስለ ሆኑ በመካከላቸው የግማሽ ቮልት ልዩነት ቢኖር በአብዛኛው ችግር አያመጣም። ነገር ግን የቀድሞዎቹ አንዳንድ የቶሺባ ላፕቶፖች 15 ቮልት፣ የቀድሞዎቹ የአይ.ቢ.ኤም. ቲንክፓዶች ደግሞ 16 ቮልት ነበር የሚፈልጉት። ከዚህም የከፋ አለ፤ የኢንተርኔት ማከፋፈያው ሳጥን 12 ቮልት፣ አንዳንድ ማተሚያ መኪና 24 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር ይዞ ይመጣል፤ አፋቸውም ከአንዳንድ ላፕቶፖች አፍ ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ያለ ምንም መጋጠሚያ ጥርቅም ብሎ ይገባል። 24 ቮልቱ ገብቶ የኮምፒዩተሩን ዋና ሰሌዳ ካቃጠለ በኋላ ግን የመመረቂያ ጽሑፉን ከዚያ ውስጥ ለማውጣት የሚለፋውን ተማሪ ሐዘን ላየ ሰው፣ የቻርጀርን ጀርባ ሳያነቡ መሰካት እንደ ቀላል ነገር አይታየውም።

ከቁጥሮቹ አጠገብ አንዲት ክብ ምልክት አለች፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት በግራና በቀኝ ተሰክተውባታል። እርስዋም አዎንታዊው ኤሌክትሪክ በውስጠኛው ወይስ በውጪው ብረት እንደሚመጣ ታሳያለች። የኮምፒዩተሩና የቻርጀሩ ምልክት አንድ መሆን አለበት። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንለፈው እንጂ፣ ገመድ ቆርጠው በናስትሮ የሚቀጥሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በቀጠሉት ገመድ ላይ ቀይ ከጥቁር ተለዋውጦ ከተገኘ ኮምፒዩተሩ ምሕረት አያደርግም።

እንግዲህ ወደ ወጣቱ ሠራተኛ እንመለስ። ቮልቱም ዋቱም ምልክቱም ተስማምቶ ሳለ ባትሪው ለምን አልሞላም? መልሱ በወፍራሙ አፍ መካከል ባለችው ቀጭን መርፌ ላይ ነው። ዴልና ኤች.ፒ. ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት የ7.4 ሚሊ ሜትር አፍ በመካከሉ መርፌ አለው። መርፌዋ ኃይል አታስተላልፍም፤ የምታስተላልፈው ወሬ ነው። በዴል ቻርጀር ውስጥ ያለች አንዲት ጥቃቅን መዝገብ የቻርጀሩን ዋት ለኮምፒዩተሩ በዚህች መርፌ ትነግረዋለች። ኮምፒዩተሩ ይህን ካልሰማ እንግዳውን አያምነውም፤ ባትሪውን አይሞላም፤ የራሱንም ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ይሠራል። ሌኖቮ ደግሞ በአራት ማዕዘኑ አፍ ውስጥ ባስቀመጠው ትንሽ ተቃዋሚ ልክ የቻርጀሩን ዋት ያውቃል። ታዲያ መጋጠሚያዋን የሠራው ሰው የመካከለኛዋን መርፌ ገመድ እስከ ማዶ አድርሶ ከሠራት ንግግሩ ያልፋል፤ ሁለት ሳንቲም ለማትረፍ ብሎ ከተዋት ግን ኃይሉ ብቻ አልፎ ወሬው በመንገድ ይቀራል። በገበያው ላይ ሁለቱም ዓይነት አንድ ሳጥን ውስጥ ተደባልቀው ይሸጣሉ፤ በዓይን አይለዩም።

አፎቹ ለምን ተለዋወጡ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ላፕቶፖች እየቀጠኑ ሲሄዱ ወፍራሙ አፍ ከጎናቸው አልገባ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ገደማ ኤች.ፒ. ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር አፍ፣ ሌኖቮም ከክቡ ወደ አራት ማዕዘኑ አፍ ተሻገሩ። አፕል ደግሞ በ2006 ያወጣውን በማግኔት የሚጣበቅ አፍ በ2012 ቅርጹን ለወጠው። በዚህ ጊዜ ግን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ከአሮጌው ወደ አዲሱ የምታሻግር መጋጠሚያ ሠርተው አቅርበዋል፤ ሌኖቮም፣ ኤች.ፒ.ም፣ አፕልም እንዲሁ አድርገዋል። ስለዚህ «መጋጠሚያ መጠቀም ድህነት ነው፤ ኦሪጅናሉን ግዛ» የሚሉ ሰዎች ነገሩን በደንብ አልመረመሩትም። ዕቃውን የፈጠረው ፋብሪካ የፈቀደውን መንገድ ድህነት ማለት አይገባም። ነውሩ መጋጠሚያውን መጠቀም ሳይሆን ሳያውቁ መጠቀም ነው።

አሁን ደግሞ ሁሉን ያጠቃልላል የተባለው ታይፕ ሲ መጥቷል። ይህ አፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የተወሰነ ሲሆን፣ የሞባይሉም የላፕቶፑም የመቅጃውም ሁሉ አፍ አንድ እንዲሆን የታሰበ ነው። ታይፕ ሲ ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አለ፤ መጀመሪያ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው። ከዚያ ቻርጀሩና ኮምፒዩተሩ ይነጋገራሉ፤ ኮምፒዩተሩ «20 ቮልት ስጠኝ» ብሎ ሲጠይቅና ቻርጀሩ «አለኝ» ሲል ብቻ ግፊቱ ከፍ ይላል። በዚህ ዓይነት እስከ 100 ዋት ሲሰጥ ቆይቶ፣ በ2021 በወጣው አዲስ ውሳኔ እስከ 240 ዋት መስጠት እንዲችል ተደርጓል። ገመዱም ራሱ ልክ አለው፤ ተራው ገመድ በ20 ቮልት ከ60 ዋት በላይ አይሸከምም፤ ከዚያ በላይ ለማሳለፍ በውስጡ መታወቂያ ያለው ገመድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ የድሮውን ክብ አፍ ቻርጀር ከአዲሱ ባለታይፕ ሲ ላፕቶፕ ጋር የምታገናኝ መጋጠሚያ ተራ ቁራጭ ብረት ልትሆን አትችልም። በውስጥዋ ንግግሩን የምትፈጽም ጥቃቅን አንጎል ያስፈልጋታል። ይህች አንጎል ያላት መጋጠሚያ በገበያ አለች፤ በደኅና ሁኔታ ታገለግላለች። አንጎል የሌላት ግን ሳትጠየቅ 19 ቮልት ወደ ታይፕ ሲው ቀዳዳ ትለቅቃለች፤ 5 ቮልት ሲጠብቅ የነበረው ኮምፒዩተር ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምት። በመልክ ሁለቱን መለየት ስለማይቻል፣ ሻጩ በአሮጌ ኮምፒዩተር ሳይሆን በቴስተር ለክቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ያሻል። ሳይነጋገሩ የሚለካው ከ5 ቮልት በላይ ሆኖ ከተገኘ ያችን መጋጠሚያ መመለስ ነው። ሻጩ ቢቆጣም ይቆጣ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ባወጣው ሕግ ሞባይሎችና ሌሎች ትንንሽ ዕቃዎች ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ ባለታይፕ ሲ ብቻ ሆነው እንዲሸጡ አዝዟል፤ ለላፕቶፖች የተወሰነው ቀን አፕሪል 28 ቀን 2026 ነው። ይህ ሕግ ለኛ አገር ባይወጣም፣ የዓለም ፋብሪካዎች ለአውሮፓ የሚሠሩትን ለሌላውም ስለሚሸጡ ወደ እኛም መድረሱ አይቀርም። ሆኖም አዲሱ ሲመጣ አሮጌው በአንድ ሌሊት አይጠፋም። የምድር ባቡራችንን ታሪክ የሚያውቅ ይህን አይስተውም። የቀድሞው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተሠራው መስመርም በዚሁ በአዲሱ ልክ ነው። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አልቻለም፤ መጋጠሚያም አልተገኘለትም። ለቻርጀር ግን ተገኝቶለታል።

ይህን ሁሉ ስናወራ «አንድ ቻርጀር ስንት ያወጣል ብላችሁ ነው?» የሚለን ይኖር ይሆናል። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ወዴት እንደ ሄደ ደመወዝተኛው ይመስክር። ከዚህም ሌላ፣ በአነስተኛ ከተማ «ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም። በስስ ገመድ የተሠራ አስመሳይ አዲስ ቻርጀር ከመግዛት፣ በፋብሪካው የተሠራ፣ ዘመን ያሳለፈ፣ ጤነኛ የሆነ አሮጌ ቻርጀር በጥሩ መጋጠሚያ መጠቀም ይሻላል ብለን በግልጽ እንናገራለን። ክብደቱ ራሱ ይመሰክራል፤ አሮጌውን በአንድ እጅ፣ አስመሳዩን በሌላው ይዞ መመዘን ነው።

ነገሩ በይበልጥ የሚከነክነን ግን በመሥሪያ ቤቶች በኩል ነው። በዞኑ የደዋ ጨፋ፣ የአርጡማ ፉርሲ፣ የጅሌ ጥሙጋ፣ የደዌ ሐረዋና የባቲ ወረዳዎች አሉ። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን ከባሕር ዳር ጋር የሚጻጻፉት ደግሞ በአማርኛ ስለ ሆነ፣ አንዱ ኮምፒዩተር የቁቤውንም የግዕዙንም ፊደል ሲጽፍ ይውላል። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ በዚህ መንገድ ወደ ደቡብ በወረደ ጊዜ በወሎ ውስጥ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ትምህርት ቤት ንብረቱን እንዳጣ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ባየናቸው ቢሮዎች የተቀመጡት ኮምፒዩተሮች ከልዩ ልዩ ጊዜና ከልዩ ልዩ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት አፍ ይገኛል። አንዱ ቻርጀር ሲበላሽ የጎረቤቱ ስለማይገጥም ኮምፒዩተሩ ከነነፍሱ መሳቢያ ውስጥ ይቀበራል።

በዚያው ሕንፃ ግምጃ ቤት ውስጥ ግን አሮጌ ቻርጀሮች በማዳበሪያ ከረጢት ተከምረው እናገኛለን። ላፕቶፑ ሲገዛ በሞዴል 19 የሚገባው «ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ» ተብሎ ነው። ላፕቶፑ ሲወገድ ቻርጀሩ ብቻውን ስም ስለሌለው በየትኛውም መዝገብ አይታይም፤ በሞዴል 22 ወጪ አድርግልኝ ቢሉት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ምን ብሎ ይስጥ? ያ ቀሚሴ ላይ ያገኘነው ወጣት እንኳ ቻርጀሩን ያወጣው በቃል ልመና መሆኑን ነግሮናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት አይደለም። አንድ ወጣት ሠራተኛ ግማሽ ቀን ተሰጥቶት፣ ከረጢቱን ገልብጦ የእያንዳንዱን ቮልት፣ አምፔርና አፍ በወረቀት ላይ ቢመዘግብ፣ ቴስተር ያለው ባለሙያም ጤነኛውን ከበሽተኛው ቢለይ፣ ብዙ መሳቢያ ይከፈታል። ገመዱ የተላጠውን፣ ሲሰካ የሚሸተውንና የሚያፍዋጨውን ግን ያለ ርኅራኄ መለየት ነው። ከጥቅም ውጭ የሆነውም ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አወጋገድ የወጣ ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። በዓለም ላይ በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የዚህ ዓይነት ጥራጊ ተጥሎ፣ በሥርዓት መሰብሰቡ የተመዘገበው ከመቶ 22.3 እጅ ብቻ ነው።

ግዥ ክፍሎችም አንድ ነገር ይስሙን። የላፕቶፕ ጨረታ ሲወጣ የማስታወስ ችሎታው፣ የመስኮቱ ስፋት፣ የፍጥነቱ ልክ ሁሉ በዝርዝር ይጻፋል። የቻርጀሩ አፍ ምን ይሁን የሚል መስመር ግን እስከ ዛሬ ባየናቸው ዝርዝሮች ላይ አላየንም። አንድ መሥሪያ ቤት በሦስት ዓመት ውስጥ የሚገዛቸው ላፕቶፖች ሁሉ አንድ ዓይነት አፍ እንዲኖራቸው ቢጠይቅ ሻጩ አይከለክለውም፤ ከእያንዳንዱ አሥር ላፕቶፕ ጋርም ሁለት ትርፍ ቻርጀርና ሁለት መጋጠሚያ እንዲቀርብ ቢያደርግ ገንዘቡ አይታወቅም።

ለተማሪዎችም ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የከፍተኛ ትምህርት ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናቸውን የሚፈተኑት በኮምፒዩተር ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ቀሚሴ ተወልዶ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚማር ልጅ፣ አባቱ ከብት ሸጦ የገዛለትን ያገለገለ ላፕቶፕ በአንድ ቻርጀር ምክንያት ከፈተናው በፊት እንዳያጣው፣ ዛሬ ማታ ገልብጦ የጀርባውን ቁጥር በደብተሩ ጥግ ይጻፍ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኤሌክትሪኩ ወጣ ገባ ስለሚል፣ ሲጠፋ ነቅሎ፣ ከመጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካትን ይልመድ። መጋጠሚያዋ የተሰካችበት ቦታ ስትነካ የምታቃጥል ከሆነ ላልታለች ማለት ነውና አይጠቀምባት፤ በትራስ ሥርና በብርድ ልብስ ላይ ቻርጀር አስቀምጦ መተኛትንም ይተው።

ባለሙያው ያን ዕለት ለወጣቱ ያደረጉለትን ሳንነግር አንጨርስም። የመጀመሪያዋን መጋጠሚያ ነቅለው ወደ ቆርቆሮው ሳይሆን ወደ ቆሻሻው ቅርጫት ጣሏት። ከዚያ የቴስተሩን ሁለት መርፌ ይዘው ከቆርቆሮው ያወጡዋቸውን አምስት መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ፈተኑ፤ ከአንዱ ወገን የመካከለኛዋ መርፌ ከሌላው ወገን ጋር የተገናኘችባቸው ሁለት ብቻ ሆነው ተገኙ። አንደኛዋን ሰኩ። የዛቻው ጽሑፍ ጠፋ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አራቱ እጅ አምስት ሆነ። ወጣቱ ሒሳቡን ከፍሎ ሪፖርቱን እዚያው ተቀምጦ ጨረሰ። ሲወጣ ከባለሙያው ነጭ ፕላስተር ለምኖ በአሮጌው ቻርጀር ጀርባ ላይ ለጠፈና በእስክሪብቶ «19.5 ቮልት፣ 65 ዋት፣ ወፍራም አፍ» ብሎ ጻፈበት። ሁለተኛዋን ጤነኛ መጋጠሚያም ለግምጃ ቤቱ ብሎ ገዛ፤ ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን ባለሙያውም እርሱም ተቸግረው፣ በመጨረሻ «ልዩ ልዩ ዕቃ» ብለው ጻፉት።